የምትበዛው አንዲት ካርታ

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ አንድ!» መዝገብ ያዥዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «አባባ፣ አንድ በዝቷል!»

አባባ መጥረጊያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ዝም አሉ። ዝም ማለት ልማዳቸው ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠርጉና ሲቆልፉ የተናገሩት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም እየተባለ ይቀለዳል። ገጹ ቢሞላም አያነቡትም፤ ፊደል አልቆጠሩም።

በካርታ ክፍል አንድ መብዛት ቀልድ አይደለም። እያንዳንዱ ቦታ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ፋይል አለው። ትልቁ መዝገብ ላይ የሰፈረው ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ቦታ ነው። አንድ ከበዛ፣ የሆነ ሰው ለሌለ መሬት ካርታ ሠርቶ አስገብቷል ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎች ደግሞ አርብ ይመጣሉ።

«እስቲ ድገሚው» አለ ኃላፊው፣ ሸሚዙን እየጎተተ።

ደገመችው። ያው ነው።

አቆጣጠሩን ያሳያት ኮምፒውተሩን ይጠግን የነበረው ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ ከሰኞ ጀምራ ራሷ እንድትቆጥር ሦስት መስመር ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈላት። የመጀመሪያው ኤል እና ኤስ የሚባሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ናቸው፤ እነሱ ሲጻፉ የፋይሎቹ ስም እንደ ዶፍ ይወርዳል፣ ዓይን አይከተለውም። ሁለተኛው መስመር ያው ሁለቱ ፊደሎች ሆነው የወፍ ምንቃር የመሰለች ምልክት ትከተላቸዋለች፤ ከምንቃሯ ቀጥሎ የዕለቱ ስም ይጻፋል። ይሄኔ ማሽኑ ምንም አይመልስም። ጭጭ። አባባ፣ ሲወለውሉ ቆም ብለው የሚያዩአት ይህችን መስመር ነው። ሦስተኛው መስመር ቁጥሩን ያመጣል።

«ይቺ መሃለኛዋ ምን ትሠራለች?» ብሎ ጠይቋት ነበር ካርታ ነዳፊው።

«እኔ ምን አውቄ! ጻፊ ተብያለሁ፣ እጽፋለሁ።»

ማክሰኞ ሁለት በዛ።

ዓይን ሁሉ ነዳፊው ላይ አረፈ። ሰሞኑን አዲስ ጫማ ገዝቷል። ስልክ ሲደወልለትም ኮሪደር ወጥቶ ነው የሚያወራው።

«ሌባ ሲባል የሚወስድ ነበር የማውቀው» አለ ነዳፊው እየሳቀ። «ይሄኛው እያመጣ ነው። ከያዛችሁት እኛ ቤትም ላኩት።»

ብቻውን ሳቀ።

«መለኪያህን ያዝና ሜዳ ውጣ» አለው ኃላፊው። «እስከ አርብ እዚህ ክፍል እንዳላይህ።»

ረቡዕ መዝገብ ያዥዋ ጥርሷን አሟት ቀረች። አባባ ክፍሉን ከፍተው፣ ጠርገው፣ መልሰው ቆለፉ። ሌላ የገባ ሰው የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት በዛ።

ኃላፊው ቁጥሩን አየ፤ የነዳፊውን ባዶ ወንበር አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«አባባ፣ የዚህ ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ።»

«ሌላ ያለው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ማን ነው የላከዎት?»



«ኧረ በፈጠረህ!» አለች መዝገብ ያዥዋ። «አባባ ማሽኑን የሚያውቁት አቧራውን ነው።»

«ማንበብ የማይችልን ሰው ማን ይጠረጥራል? ብልሃቱ እሱ አይደል!» አለ ኃላፊው። ፊቱ ቀልቷል። «ቁልፉን ያስረክቡ። ነገ ለተቆጣጣሪዎቹ ስምዎን ሰጥቼ እገላገላለሁ።»

ቁልፉ ሃያ ሁለት ዓመት ከወገባቸው በሲባጎ ታስሮ የኖረ ነው። ቋጠሮው አልፈታ ብሎ ቆየ። ሲፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ረቡዕ ቀርተሻል።»

«ጥርሴን አሞኝ ነዋ!»

«እሱም ቀርቷል።»

«ማን?»

«የሚጨምረው።»

ኃላፊው በጣቱ ቆጠረ። ሰኞ አንድ። ማክሰኞ ሁለት። ከዚያ ሁለት ቀን አልፎ የጨመረው አንድ ብቻ። አሁን የተመለከተው መዝገብ ያዥዋን ነው።

«እኔን?» ከወንበሯ ተነሳች። «እኔን ነው የሚሉት፣ አባባ? ልጄ እያሉኝ!»

አባባ ወጡ።

«ቁጭ በይ» አላት ኃላፊው። «ዝርዝሩን ረጋ ብለሽ፣ አንድ በአንድ ስሙን እያነበብሽ ከመዝገቡ ጋር ታመሳክሪያለሽ። የተጨመሩትን ሦስት ካርታዎች ሳታሳዪኝ ከዚህ ንቅንቅ የለም። እኔም አልነቃነቅም!»

አባባ የግቢው በር አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ወገባቸው ቀሎ ነበር፤ ደስ የማይል ቅለት። እጃቸው ሳያስቡት በየመሃሉ ሲባጎዋን ይፈልጋል። ልጅቱን ማስቀየማቸው ከቁልፉ ይልቅ ከንክኗቸዋል፤ የሃያ ሁለት ዓመት ዝምታቸውን በአንድ ጠዋት አፍርሰዋል። ፀሐይዋ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ተሻገረች።

ወደ ማምሻው የካርታ ክፍሉ በር ተበረገደ። መዝገብ ያዥዋ ጫማዋ አንድ እግሯ ላይ እየወለቀ፣ ግማሽ እየሳቀች ግማሽ እያለቀሰች መጣች። ኃላፊው ከኋላዋ መስኮቱ ላይ ቆሞ ጣሪያ ያያል። እሷ ቁልፉን ከነሲባጎው አባባ መዳፍ ላይ አኖረችና ጣታቸውን አጠፈችው።

«አባባ፣ የሦስቱንም ሌቦች ስም አገኘሁት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ እና ሐሙስ ይባላሉ፤ ለካ በምንቃሯ እያስያዝኩ እዚያው ካርታዎቹ መሃል የማስቀምጣቸው የራሴው ቆጠራ ዝርዝሮች ናቸው!»