ከፋይሉ ያልወጣው ዝናብ

ኢንጂነር ተስፋለም ከሰገን ወንበር ጀርባ ቆመው ስክሪኑን በእስክሪብቷቸው ነካ አደረጉት። «ከዚህ እስከዚህ ያለውን አጥፊው» አሉ። «መለኪያው ተበላሽቶ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ አዲስ አበባ ላይ አይዘንብም።»

እስክሪብቶው ያረፈው አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ የዝናብ መዝገብ ላይ ነበር። እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓትና በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ የወረደውን ውሃ በሚሊሜትር ይዟል። ሰገን ይህን ፋይል ለማዘጋጀት ሳምንታት ፈጅታለች። የዝናብ መለኪያ ጣቢያው ሠራተኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመዘገበውን ቀን ወደ ፈረንጆቹ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ወደ አሥራ አምስት ሰዓት እየለወጠች፣ ዓይኗ እስኪደክም አንድ በአንድ አስገብታዋለች። ጎርፉን የሚያሰላው ሶፍትዌር ሌላ ነገር አይገባውም። ፋይሉ ውስጥ የሌለ ዝናብ ደግሞ ለእሱ ጭራሽ ያልዘነበ ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። መስመሮቹ ከጠፉ፣ ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወርደው መንገድ ሥር እንዲቀበር የታሰበው ቱቦ ጎርፉን በደንብ ይችለዋል። መስመሮቹ ካሉ አይችለውም፤ ጠዋት ሞክራው አይታለች። ቱቦው ግን ታዝዟል፣ ንድፉም ማኅተም አርፎበታል። በማግስቱ ጠዋት አሠሪዎቹ ውጤቱን ለማየት ይመጣሉ።

ሰገን ሰውየውን አትጠላቸውም። «ሴት ልጅ ሳይት አትችልም» እየተባለች ከየቢሮው ስትመለስ፣ ማመልከቻዋን አንብበው ሰኞ ሥራ ጀምሪ ያሏት እሳቸው ናቸው። ለዚህም ነው ረጋ ብላ የመለሰችላቸው።

«መለኪያው ደህና ነው፣ ኢንጂነር። ሌላኛው ጣቢያም በዚያው ሰዓት ያንኑ ነው የመዘገበው። አመሳክሬዋለሁ።»

«እንግዲያው እሱንም አጥፊው።»

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

ዞር ብላ እያየቻቸው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ስለዚያ ቀን ነገረቻቸው። ያደገችው ቂርቆስ፣ ወንዙ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ ነው። ውሃው መጀመሪያ የገባው ጎረቤቷ ብርነሽ ቤት ነበር። ብርነሽ ልጇን ቁም ሣጥን ላይ አውጥታ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን እናቷን ልታነሳ ስትመለስ በሩ ከነመቃኑ ተገንድሶ መንገዱን ዘጋባት። የሰፈሩ ሰው ገመድ ይዞ እስኪደርስ እናትየው ቤት ውስጥ አልነበሩም።

«ያገኘናቸው በማግስቱ ነው» አለች። «አንድ እጃቸውን ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያ ዝናብ አልዘነበም ብዬ በገዛ እጄ አልጽፍም።»

ኢንጂነር ተስፋለም እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሐዘን ሌላ፣ ሥራ ሌላ መሆኑን ነገሯት። የትም አገር ለዘነበው ሁሉ ቱቦ አይሠራም፤ አንድ ቦታ ላይ ገደብ ይቀመጣል አሉ። ሰገን ይህንን አልካደችም። ገደቡ ይቀመጥ፣ ግን ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ አለቻቸው፤ ይህን ያህል ዘንቦ ያውቃል፣ ቱቦው አይችለውም ተብሎ ይጻፍና የሚፈርም ይፈርምበት።

እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ የንድፍ ሠራተኛው ሙሐሲን ሥራው ላይ አቀርቅሮ ነበር። ንግግሩን ሁሉ ሰምቷል።

«ሙሐሲን፣ ና እስቲ አንተ አጥፋው።»

ሙሐሲን የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ቢሮው ውስጥ ከማንም ጋር ተጋጭቶ አያውቅም። ሰገን ሥራ እንደጀመረች ሰሞን ምሳ ሰዓቱን እየሰዋ ይህን ሶፍትዌር ያስተማራት እሱ ነው። ኢንጂነሩም ያውቃሉ፤ አስተምራት ብለው ያዘዙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«እኔ ይሄን ሶፍትዌር አላውቀውም፣ ኢንጂነር» አለ።

ቀና አላለም። እርሳሱን የያዘው እጁ ግን ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ኢንጂነር ተስፋለም ሰገንን ተነሽ የሚል ምልክት አሳዩዋት። ተነሳችላቸው። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በማውሱ ጎተቱት። ያ ከሰዓት በኋላ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሆነ። አሁን የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ነበር። ጣታቸው ቁልፏ ላይ አረፈ፤ አልተጫኗትም። ሰገን አጠገባቸው ቆማ ጣታቸውን አየች።

መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ።

«ነገ እኔ አልገኝም» አሉ ኮታቸውን እያነሱ። «አንቺ ታቀርቢያለሽ። ሲጮኹም የምትመልሺላቸው አንቺው ነሽ።»

«አቀርባለሁ።»

«ከዚያ በኋላ እዚህ ቢሮ...» ብለው አልጨረሱትም።

«እሱንም አስቤበታለሁ» አለች።

በሩን ዘግተው ወጡ። ሰገን ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ሰማያዊውን አስለቅቃ፣ ፋይሉን እንዳለ ሶፍትዌሩ ላይ ጫነችው። ሞልቶ የሚገነፍለው ቱቦ ሁሉ በቀይ የሚታይበት ካርታ ወጣ።

ሙሐሲን ከመቀመጫው ተነስቶ ማተሚያውን አበራና በየትኛው ወረቀት እንደሚያወጣው ጠየቃት።

«በትልቁ» አለች። «በር ላይ የቆመ ሰው ሳይቀር እንዲያየው።»

ማሽኑ እያጓራ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ይለቅ ጀመር። ቀዩ መስመር ከካዛንቺስ ተነስቶ ቁልቁል ወረደ፤ አንዱን መታጠፊያ አለፈ፣ ሌላውንም አለፈ። ሰገን ጎንበስ አለችና ወለሉን ሳይነካ በሁለት እጇ ተቀበለችው።