ምስጥ የማይበላው

ሳሊማ ዶማውን ወርውራ በእጇ መጫር ጀመረች። ቦታውን አልሳተችም፤ ከቀርከሃው አልጋ ራስጌ፣ ከምሰሶው ሥር ነው የቀበረችው። አፈሩ ግን ይፈረፈራል እንጂ ብሩን የቋጠረችበት ሻሽ የለም።

«አልደረስሽም?» አለች ጓደኛዋ ደጊቱ ከበላይዋ ቆማ። «ምዝገባው እኮ ዛሬ ነው የሚዘጋው!»

«አትጩኺ። ገንዘብ ጩኸት አይወድም።»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ።»

ያኔ አሶሳ የክልል ከተማ ከተባለች ገና ሙሽራ ነበረች። አዲስ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ሹም ከመኪና ይወርዳል፤ አዲስ ሹም ደግሞ ማንጎ ሳይከራከር ይገዛል። ሁለቱ ልጆች ማንጎው እስኪያልቅ ድረስ ከትምህርት ቤት መልስ ሳፋቸውን ይዘው ከቢሮዎቹ በር አይጠፉም ነበር። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሳሊማ ጣፋጭ ጣፋጩን ለራሷ ትደብቃለች፤ ደጊቱ የገዢውን ክራባት እያየች ዋጋ ትጨምራለች። የሳሊማ ድርሻ ለጫማ፣ የደጊቱ ለዘጠነኛ ክፍል።

የደጊቱ አባት ከወለጋ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። «የኔ ብር ለወንዶቹ ነው። የራስሽን ካገኘሽ ተማሪ፣ ካላገኘሽ ሱቅ ገብተሽ ሚዛን ያዢ» ብሎ ቆርጧል። ቤት ብታስቀምጠው ወንድሞቿ ስለሚጨርሱት ድርሻዋን ለሳሊማ አደራ ሰጠቻት። ሳሊማ ደግሞ የእናቷ ታላቅ እህት ኻልቲ ዓኢሻ ወርቋን ስትቀብር እያየች ያደገች ናት። መምህር ሙርሳልም ቢሆን ሰሌዳውን እየደበደበ «ቆጥቡ!» አለ እንጂ የት እንደሆነ አልተናገረም።

ጣቷ ጨርቅ ነካ። ሳበችው። ከሻሹ የተረፈው እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሌላው ሁሉ ጭቃ ሆኗል፤ ጭቃው ውስጥ ነጫጭ ምስጦች ይርመሰመሳሉ። ከመካከላቸው የአስር ብር ጥግ፣ ጥፍር የምታህል ቀይ ነገር፣ ብቅ ብላለች።

ደጊቱ ብትሳደብ፣ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ቀስ ብላ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። «ያ ዋቅ» ብላ ፈጣሪዋን ጠራች። «ሚዛን ልይዝ ነው።»

ሳሊማ የብሩን ጥግ ከጭቃው ለቅማ በመዳፏ ጠረገችው።

ኻልቲ ዓኢሻ በሩን ገፍታ የገባችው ይሄኔ ነው። ጉድጓዱን አየች፣ ሻሹን አየች፣ ምስጦቹን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለደጊቱ ብላ በአማርኛ ጀመረች፤ በኻልቲ አማርኛ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው።

«ወረቀት ቀበርክ?»

«አንቺም ትቀብሪ የለ!»

«እኔ ወርቅ ቀበርኩ። ወርቅ የአፈር ልጅ ነው፤ እናት ልጁን አይበላም። ወረቀት እንጨት ነው። ለምስጥ እራት ሰጥተህ፣ ‹ጠብቅልኝ› አልከው?»

«የደጊቱን ነው የበላው፣ ኻልቲ» አለች ሳሊማ። ድምፅዋ ተሰበረ። «የትምህርት ቤቷን።»

የኻልቲ ሳቅ ተቋረጠ። ደጊቱን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ከምሰሶው ማዶ ተንበርክካ፣ በቢላዋ ጫፍ ቆፍራ፣ አንድ የአሞራ ላባ አወጣች፤ አገዳው ውስጡ የወርቅ ብናኝ፣ አፉ በሰም የተደፈነ። ጣሪያው እያፈሰሰ ክረምቱን ባሳለፉበት ጊዜ እንኳ ኻልቲ ይህን ላባ አልከፈተችውም።

«ሳላገባ ያጠብኩት ወርቅ ነው» አለች፣ ጭቃውን በቀሚሷ እየጠረገች። «መንጌ አገር፣ ወንዙ ውስጥ። ልጃገረዶች ሁሉ አብረን። አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ገበቴ ያዞራል። ውሃው እስከዚህ።» ጉልበቷን ነካች። «አመሻሽ ላይ እናቴ ላባውን ወደ ፀሐይ ያነሳና ያያል። ‹ነገ ደግሞ ዝፈን› ይለኛል።»

ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዘፈኑ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ወርቁን በላስቲክ ነው የሚቋጥሩት፤ ለላስቲክ የሚዘፍን የለም።

ሰሙን በጥፍሯ ፈልቅቃ ላባውን በደጊቱ መሐረብ ላይ ዘቀዘቀችው። ቢጫው አቧራ ያለ ድምፅ ወረደ። መታ መታ አደረገችና ቀና አደረገችው።

«አንዲት ፍሬ ቀረች እኮ» አለች ሳሊማ አንገቷን አስግጋ።

«ይቅር። ባዶ ላባ ወርቅ አይጠራም።» መሐረቡን ቋጥራ ለደጊቱ አስጨበጠቻት። «ገበያ፣ ወርቅ ገዢው ሙዳሲር ጋ ሂድ። በክብሪት እንጨት ነው የሚመዝን። እንጨቱን አፉ ውስጥ ካስገባ፣ ‹ሌላ ደረቅ አውጣ› በለው። የረጠበ እንጨት ይከብዳል፤ ወርቅ ይበላል።»

«ከሱ ምስጡ ይሻላል» አለች ሳሊማ።

ደጊቱ መሐረቡን በሁለት እጇ ይዛ «መቼ ልመልስልሽ?» አለች።

«አንተ አትመልስም። እሱ ነው» ኻልቲ በአገጯ ወደ ሳሊማ ጠቆመች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከኔ ጋር ወርቅ ሊያጥብ ወንዝ ይወርዳል፣ ላባው እስኪሞላ።»

«ቅዳሜ እኮ ሰርግ አለ!»

«እስኪሞላ።»

ደጊቱ ተነስታ በረረች። ደጃፉ ላይ ግን ዞር አለች። «ወንዝ በጫማ አይወረድም» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «እንኳንም ጫማሽን በላው!»

ኻልቲ ላባውን መልሳ በሰም ደፍና ለሳሊማ ሰጠቻት፤ ወደ ሥራዋም ሄደች። ሳሊማ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብላ ላባውን ከጆሮዋ አስጠጋችና ነቀነቀችው። አንዲቷ ፍሬ ወዲያና ወዲህ ስትል ተሰማት፤ ሩቅ ወንዝ ውስጥ ጠጠር የሚንከባለል ይመስል።