ከሹራቦቹ መሃል

«የሺ፣ ሻዩን የት አደረግሽው?»

«ኩሽና ነው፣ ማዳም። ቀዩ ዕቃ ውስጥ።»

«እሱን አላልኩሽም። ሪማ የላከችውን!»

የሺ ክው አለች። ክቡ ቆርቆሮ ከፓሪስ በፖስታ የደረሰው የማዳም ልጅ ሪማ እዚያው ከተቀበረች በኋላ ነበር። የሺ ስትከፍተው ማዳም ሱአድ ልብስ መሃል የሚያኖሩት ሐምራዊ አበባ ሸተታት። የቁምሳጥን ሽቶ መስሏት ሪማ ትታ በሄደቻቸው ሹራቦች መሃል ሸጉጣዋለች።

ሄዳ አመጣችው።

«ያኒ ሻይ ከሹራብ ጋር?» ማዳም ሳቅ ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። «ኡሎንግ። ሻይ ነው፤ ያ የልብሱ አበባ ላቬንደርና ቫኒላ ያለበት። አፍዪልኝ፣ ሐቢብቲ።»

መብራት ስለጠፋ ከታች ከቨርደን መንገድ የጄኔሬተር ጩኸት ይሰማል። ማዳም አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉና ሲኒውን አስቀመጡ።

ክረምት ላይ ከታመሙ ወዲህ ሽታም ጣዕምም ርቋቸዋል። ለዛሬ ግን ተስፋ አድርገው ነበር።

«ሙቅ ውሃ ነው» አሉ። «ልጄ የላከችልኝ ሙቅ ውሃ ሆነብኝ። አንቺ ቅመሽና ንገሪኝ።»

የሺ ጾም ላይ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ገና ነው። ማዳም ሲኒውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። በልቧ አማትባ ሲኒውን አነሳች።

መጀመሪያ አበባው አፍንጫዋን አወደው። ከሥሩ ደስ የሚል፣ ቆሎ ቆሎ የሚል ነገር አለው። ቫኒላው መጨረሻ መጣ፤ ስኳር ሳይገባበት ጣፈጣት። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሳ አታውቅም። መጣፈጡ አሳፈራት።

«እሺ?»

«ጥሩ ነው፣ ማዳም።»

«ጥሩማ ማንም ይላል። ያላ፣ ንገሪኝ!»

የየሺ አረብኛ ለጽዳትና ለገበያ እንጂ ለዚህ አይበቃም። እየተንተባተበች ጀመረች።

«ሪማ በጋ ስትመጣ ኬክ ትጋግር አልነበር? ጋግራ ስትጨርስ፣ እጇን ሳትታጠብ፣ ቁምሳጥኗን ከፍታ ሹራብ ያወጣች ይመስላል።»

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። ሲኒውን ከየሺ እጅ ወስደው እስከ ጭላጩ ጠጡት።

«ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «ከነበረበት መልሺው።»

የሺ ቆርቆሮውን ከደነች። ቁምሳጥኑን ከፍታ ከሹራቦቹ መሃል አስቀመጠችው።