ሰማያዊ በብራና ላይ

አቶ ዓለምነው የብዕሩን ጫፍ ይልሳል። ምላሱ ሰማያዊ ነው፤ ከንፈሩም፣ የጥርሱ ሥርም። ልሶ ሲያበቃ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና ቀለሙ ሲንሰራፋ እያየ ብቻውን ይስቃል። ፊቴን አዞራለሁ።

«ና እስቲ እይ» ይለኛል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብልቃጥ ተደርድሯል፤ ትናንት ከዳንግላ፣ ከሙሄ ሱቅ ያስመጣቸው ናቸው። «ሦስቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አይመስልም። ይኸኛው ፉልስካፕ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያብረቀርቃል። ደብተር ላይ ግን ይሞታል። ይኸኛውን ደግሞ ሲጋራ ወረቀት ላይ እየው፤ ሐር አይመስልም?»

«ይመስላል» እላለሁ። ምን ልበል? እኔ በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ማመልከቻ ጽፌ፣ አማርኛ ለሚያጥረው አገውኛ አስተርጉሜ የማድር ሰው ነኝ። እሱ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው። አንድ ቀን «ከበረንዳው ተነሥ» ቢለኝ እንጀራዬ አለቀ። ስለዚህ ሐር ነው ካለ ሐር ነው።

በሩ ላይ ወይዘሮ ዋጋዬ ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። ከዘንገና በኩል ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ዝናቡ እየመታት መጥታ ነው፤ ነጠላዋ አሁንም ያንጠባጥባል። አጎቷ አበረ የአባቷን መሬት «ለእኔ ነው የተናዘዘው» ብሎ ሁለት ክረምት አርሶባታል። ዳኛው ነገሩን ዛሬ ይቆርጣሉ። እሷ ያላት አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ አባቷ ከብዙ ዓመት በፊት ሊሞቱ ሲሉ በቄስ ያስጻፉት ኑዛዜ። ከአምስቱ ምስክሮች አራቱ አፈር ሆነዋል፤ አምስተኛው የገዛ ልጆቹን ስም አያውቅም።

«ሰነዱን አምጪ» ይላታል፣ ቀና ሳይል።

ከጉያዋ የቀርከሃ ቀፎ ታወጣለች። የአፉን ውታፍ በጥርሷ ነቅላ የተጠቀለለ ብራና ትስባለች፤ በሁለት እጇም ትሰጠዋለች። የእሱ ሥራ ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ ጽፎ መመለስ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

አይመልስም። በአውራ ጣቱ ቆዳውን ያሻሸዋል፣ ያገላብጠዋል፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸተዋል። ፊቱ ሲበራ አያለሁ፤ ምን እንዳሰበም ይገባኛል።

«በብራና ላይ እኮ ሞክሬ አላውቅም!»

«አቶ ዓለምነው፣ ኑዛዜ ነው እኮ» እላለሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። የእኛ ዳኛ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ ሊያነቡት ይቅርና በእጃቸው አይነኩትም። ባለፈው ወር አንድ የጥሊሊ ሰው ለአንዲት የተፋቀች ፊደል ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህን ከዓለምነው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰውዬውን በሳቅ የሸኘው እሱ ነበር።

«ባዶው ቦታ ላይ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ ብዕሩን እንደገና ይልሳል። ከምስክሮቹ ስም ሥር «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ አንድ ረጅም መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ ሌላውን ብልቃጥ ከፍቶ አንድ ይደግማል።

እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። የቄሱ ጥቁር ቀለም በዕድሜ ብዛት ወይቧል፤ ሰማያዊው ከሥሩ እንደ ረፋድ ሰማይ ጠርቶ ይታያል። ብራና እንደ ወረቀት አይመጠውም፤ ቀለሙ ላዩ ላይ እርጥብ እንደሆነ ቆሞ ያበራል። አንገቴን አስግጌ አየዋለሁ። «ወይ ማማሩ!» የሚል ቃል ከአፌ ያመልጣል።

«አላልኩህም?» ብሎ ጀርባዬን ቸብ ያደርገኛል። የነካኝን ቦታ ባጥበው ደስ ባለኝ። ግን ማንን ነው የምጸየፈው? ያየሁት በገዛ ዓይኔ፣ ያደነቅሁት በገዛ አፌ ነው።

«ካልደረቀ ይበላሻል፤ እፍ በይበት» ይልና ብራናውን ይመልስላታል።

ተላላኪው ከችሎቱ በር ላይ ይጣራል። «ወይዘሮ ዋጋዬ ውቤ!»

ወደ ችሎቱ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ ዞር ትላለች። ፊደል አትቆጥርም፤ ሰማያዊውን ግን አይታዋለች። «ወንድሜ፣ ምን ጻፈልኝ?» ትለኛለች በአገውኛ።

አሁን ብነግራት ቀጠሮ ለመጠየቅ ትደርሳለች። እኔም አብሬያት ገብቼ «እኔ እያየሁ ነው የተበላሸው» ማለት እችላለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው።

«ምን ትላለች?» ይላል ዓለምነው። አገውኛ አይሰማም።

«ምን ጻፈልኝ ነው የምትለው።»

ያየኛል። በረንዳውን በመስኮቱ በኩል ያያል፤ ከዚያ መልሶ እኔን። «መዝግቦልሻል በላት።»

«መዝግቦልሻል» እላታለሁ፣ በእናቴ ቋንቋ።

ፊቷ ይፈታል። ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣውና ባላት ጥቂት አማርኛ «ዕድሜ ይስጥዎ ጌታዬ» ትላለች። «አሜን» ይላል እሱ፣ በሰማያዊ ጥርሱ።

ትገባለች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ሲዘረጉ አያለሁ። እሷ ግን ገና አልሰጠቻቸውም፤ ብራናውን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ ጽሕፈቱ እንዳይጠፋባት ቀስ አድርጋ እፍ ትልበታለች።