የ"ማንኛውም ቁጥር" ስም

ፕሮፌሰር ሳንያል የዴባርቲን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ሰውየው ድሮም ተማሪ ማዋረድ ይወዳል፤ የዛሬው ግን ባሰበት።

የሃያ ስድስት ዓመቷ ዴባርቲ አምስት እኩልታ ፈቺ ፕሮግራሞችን አወዳድራለች። አራቱ የሰው፣ አምስተኛው የራሷ ነው። ካልካታ ሁሉ ያጨበጨበለት የሳንያል ፕሮግራም ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው የሷ ነው። የሳንያልን ኮድ ደግሞ ከራሱ በቀር ያየው ሰው የለም።

"ከኔው ሰርቀሽ እኔኑ ትበልጪኛለሽ? አታፍሪም?"

"አልሰረቅኩም፣ ፕሮፌሰር።"

"ማስረጃ አለዎት?" አለች ሁለተኛዋ ፈታኝ፣ ዶክተር ናንዲ። ስርቆት ከሆነ ልጅቷ ዛሬውኑ ትባረራለች።

ነበረው። አንዳንድ እኩልታ መልሱ ማለቂያ የለውም፤ ያን ጊዜ ኮዱ ውስጥ "ማንኛውም ቁጥር" ለሚለው ቦታ ስም ይወጣለታል። ስሙን የሚመርጠው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። ሳንያል ሁለቱን ኮዶች ጎን ለጎን ከፈተ። በሁለቱም ስሙ አንድ ነው፤ ቱሽኪ።

"ምን ማለት ነው?" አለች ናንዲ።

"ምንም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ስጽፈው አፌ ላይ የመጣልኝ ነው። ለዚህ እኮ ነው ሌላ ሰው በአጋጣሚ የማያገኘው።"

ናንዲ ወደ ልጅቷ ዞረች። "አንቺስ ከየት አመጣሽው?"

የዴባርቲ ፊት ጋለ። እንዲህ ያለ ነገር ፕሮፌሰሮች ፊት አይወራም።

"ከቤት ነው" አለች። "የቤት..."

"በቃ" አለና ሳንያል ወደ ናንዲ ዞረ። "ቤቷ ደብቃው ኖራለች፣ ሰማሽ አይደል?" ከዚያ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። "ለመሆኑ ኮድ መጻፍ ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ።"

"እሷስ ምን ትሠራለች?"

"ልብስ ትሰፋለች። ድሮ እዚሁ ኮድ መጻፍ ትማር ነበር፤ እኔ ስወለድ አቋረጠች።"

"ልብስ ሰፊ" አለና ሳቀ። ሳቁ ያስጠላል። "ጉድ እኮ ነው። ዛሬስ አብራሽ መጥታለች?"

"ደጅ ናት። ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነው።"

ሳንያል የመባረሪያውን ወረቀት ሞልቶ ፈረመና ለናንዲ ገፋላት። ናንዲ ብዕሯን አነሳች።

በሩ ተንኳኳ። ፀጉሯ የሸበተ ሴት የምሳ ዕቃ ይዛ አንገቷን አስገባች።

"ቱሽኪ፣ ነይ እንጂ ልጄ፤ ሩዙ ቀዘቀዘ እኮ።"