ፋሚሊ ማለት

“ቦሰና፣ ልብሱ ነደደ!”

ካውያውን ብድግ አደረግኩት። የማዳምን ባል፣ የአባ ፈህድን ጀለቢያ ለጥቂት ሳላቃጥለው ቀረሁ። የጮኸችልኝ ሬማስ ናት፣ የማዳም ልጅ። እሷ ታብሌቷን ዘርግታ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔ በአንድ እጄ እተኩሳለሁ፣ በአንድ እጄ ስልኬን እነካካለሁ። ወንድሜ ወንድዬ አሁንም አያነሳም። እናቴን በቪዲዮ ካየኋት ሰንብቻለሁ። አንዴ “ተኝታለች” ይለኛል፣ አንዴ “ጠበል ሄዳለች”። ኧረ ስንት ቀን ነው ጠበሉ! ድምፅዋን እንኳ ቅዳልኝ ብለው በኔትወርክ አመካኘ።

“ቃሉ ፋሚሊ ነው” አለችኝ ሬማስ በአረብኛ። “ትርጉሙን፣ አጠቃቀሙን፣ ከየት እንደመጣ ጻፉ ተብለናል። እስቲ ምሳሌ ስጪኝ።”

ምሳሌማ ሞልቷል። ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳር ለመዝናናት የሚከራዩት ቤት፣ ሻሌው፣ በሩ ላይ “ለፋሚሊ ብቻ” ይላል፤ እኔም ምንጣፍና ድስት ተሸክሜ በፋሚሊነት ገብቻለሁ። ውሌ ካለቀ ወዲህ ደግሞ “የመውጫ ቪዛዬን፣ ኹሩጄን ጨርሱልኝ፣ አገሬ ልግባ፣ እናቴ ታማለች” ብዬ በለመንኩ ቁጥር ማዳም አገጬን ይዛ “አንቺ እኮ ቤተሰባችን ነሽ፤ ሰው ቤተሰቡን ጥሎ ይሄዳል?” ትለኛለች። ይሄ ለልጅ አይነገርም። ጀለቢያውን ገልብጬ ተኮስኩ።

ሬማስ ድንገት ሳቀች። “ስሚ፣ ስሚ! ድሮ በላቲን መነሻው የቤት አገልጋዮች ማለት ነበር ይላል። ጌቶቹ የተጨመሩት በኋላ ነው። ከእኛ በፊት አንቺ ነበርሽ!”

“ወይ ጉድ! በይ እንግዲህ ለእናትሽ ንገሪያት፤ የቤቱ ባለቤት አገሬ ልግባ ትላለች በያት።”

ሳቋ ተጋባብኝ። እጄ ግን ተመልሶ ስልኩ ላይ ነው።

የግቢው ደወል ጮኸ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ ሸቱና ሃፊዛ በር ላይ ቆመዋል። ራካ ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼ ናቸው። በአዘቦት ቀን፣ በዚህ ፀሐይ፣ ማን ለቀቃቸው? ሸቱ ገና ከሩቅ የምትለክፈኝ ተረበኛ ናት፤ ዛሬ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ በቀትር አይነገርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መልሼ ደግሞ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ምን ጠዋት አላት አልኩ።

ማዳም ወጣች። እኔ ጋ እንግዳ መምጣት ክልክል ነው። እመቤቴ ማርያም፣ ታባርርልኝ፣ ብቻ ታባርርልኝ እያልኩ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ጩኸት የለም። ሃፊዛ ዝግ ባለ አረብኛ ብዙ አወራች፤ ማዳምም በሩን ከፍታ አስገባቻቸው።

ገብታ ካውያውን ራሷ ነቀለችው። እጄን ያዘችኝ።

“የኔ ቦሰና” አለች፣ “አባ ፈህድ ኹሩጅሽን ዛሬ ይጨርስልሻል። ኸላስ፤ አገርሽ ትገቢያለሽ።”

ወራት ሙሉ እግሯ ላይ ወድቄ የነፈገችኝን፣ ሳልለምናት ሰጠችኝ።

“ሙሽኪላ አለ? ምን ሆነች?” አለች ሬማስ።

ሸቱና ሃፊዛ ግራና ቀኝ ብብቴ ውስጥ ገብተው ደገፉኝ። ሃፊዛ “አብሽሪ፣ እህቴ” አለችኝ።

“ማን ነው?” አልኩ። “አክስቴ ናት አይደል? አክስቴ ናት በሉኝ!”

ሸቱ ልትናገር ስትል አፏን በመዳፌ ከደንኩት።