ከላሜራው በር ሥር

አያት የላሜራውን በር በመዳፋቸው ሦስት ጊዜ መቱት። በሩ ተንቀጠቀጠ፤ ከኳስ ማሳያ ቤቱ ውስጥ የሚመታው ከበሮ ግን ድብደባቸውን ውጦ አስቀረው።

«እማማ፣ እጅዎን ይጎዳሉ» አለ በር ጠባቂው። ከቁመቱና ከስፋቱ የተነሣ ሰፈሩ «አጥሩ» የሚለው ሰው ነው። የቡድኑ ቀይ ማሊያ ደረቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «ጨዋታ ከተጀመረ ይህ በር አይከፈትም።»

«የልጅ ልጄ እዚህ ውስጥ ናት።»

«የማን ልጅ ያልገባ አለ? ወንበሩን ሁሉ አውጥተን ነው ቦታው የበቃን።» ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ባለፈው ዓመት ለፍጻሜው አንድ ያረፈደ ሰው ቢለምነኝ አንጀቴ አልችል አለና ከፈትኩለት። አንድ እግሩን እንዳስገባ ጎል ገባብን። ዋንጫውን የበላው አጥሩ ነው ተባለ። የገዛ ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ከውስጥ ይቆልፍና ቁልፉን ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ይሰቅለዋል። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ማንም አይነካውም።»

«የጓሮ በርስ?»

«የቢራ ሳጥን ደርድረንበታል።»

አያት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው የልጅቷን የአስም መድኃኒት ጨበጡ። በአፍ የሚሳብ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ሰማያዊ ዕቃ ነው። ልጅቷ ረስታው አልወጣችም። እሳቸው ናቸው ከሰዓት በኋላ ከቦርሳዋ አውጥተው ትራሳቸው ሥር የደበቁት። ያለ እሱ ከቤት ንቅንቅ አትልም፣ ዛሬ እንኳ አጠገቤ ታመሻለች ብለው። ባለፈው ወር ከዚሁ ቤት ጭስ ወጥታ ስትመጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ሌሊቱን በሙሉ ደረታቸው ላይ ደግፈዋት ነው የነጋው። እና ደበቁት። ልጅቷ መሳቢያ ገለባበጠች፣ አልጋ ሥር ገባች፣ «አያቴ፣ አላየሽውም?» አለች። «እኔ የት አይቼ» አሉ። ሰዓቷን አየችና ወጣች።

«አስም አለባት» አሉ አያት። «መድኃኒቷ ደግሞ እኔ ጋ ቀረ።»

«ማን ናት እሷ?»

«ያቺ የምታስጨፍረው።»

አጥሩ ሳቀ። «ጉሮሮ የምንላት? እማማ ይሙቱ፣ ጉሮሮ አስም አለባት ነው የሚሉኝ? እሷ ስትጀምር እኮ ከማዶ ያለው የፋርማሲው መስታወት ይንቀጠቀጣል። ይስሟት እስቲ።»

አያት ሰሙ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የእሷን ድምፅ ለመለየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። እሷ ስንኙን ትጥላለች፣ ቤቱ ያነሣዋል። ጓዳ ስትለማመደው ሲሰሙት የኖሩት ስንኝ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን አምዘግዝጋ ትለቀዋለች። አሁን አላምዘገዘገችውም። መሃል ላይ ቆረጠችና ለሌሎቹ ተወችው። በሚቀጥለው ሁለት ቃል ብቻ አለች።

«ለባለቤቱ ደውልልኝ።»

አጥሩ ደወለ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። «በዚህ ጩኸት ማን ይሰማዋል? አንድ ለዜሮ እየመራን ነው። አሥር ደቂቃ ናት የቀረችው። አሥር ደቂቃ ምን አላት?»

«እስቲ አንተ ትንፋሽህን አሥር ደቂቃ ያዝና ንገረኝ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ጆሮውን ላሜራው ላይ አደረገ። ቤቱ ይዘፍናል፤ ስንኝ የሚጥልለት ግን የለም። ያንኑ አንድ መልስ እየደጋገመ ይመልሳል፣ ይመልሳል።

አጥሩ በሩን በቡጢ ደበደበው። ከውስጥ አንዱ በጫማው መልሶ መታና፣ «አጥሩ፣ ዘንድሮም ልትበላን ነው?» አለ። በሩ አጠገብ ያሉት ተሳሳቁ።

ያን ጊዜ አጎንብሶ የላሜራውን የታችኛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ላይ ሳበው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ላሜራው አጓርቶ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ተነሣ፤ ቁልፉ ከዚያ በላይ አላስኬድ አለው። በክፍተቱ ጭስና የላብ ሙቀት ተግተልትሎ ወጣ።

«እንዳትለቀው» አሉ አያት፤ አስፋልቱ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ጉንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ጫማ ብቻ ነው። የፈሰሰ ቢራ፣ የተረገጠ ጠርሙስ፣ እኩል ተነሥቶ እኩል የሚያርፍ ጫማ። ከመካከሉ ሁለት ጉልበቶች ወለሉን ነክተዋል።

መድኃኒቱን በክፍተቱ ገፉት። አንድ እርምጃ ያህል ተንሸራቶ ቆመ።

ውስጥ ጎል ገባ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሣ፤ ሲወርድ አንዱ ጫማ ሰማያዊውን ዕቃ መታው፣ ሌላው መለሰው፣ ሄዶ የግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። አጥሩ ከላያቸው ያቃስታል።

ከጉልበቶቹ ጎን አንድ እጅ ወደ ወለሉ ወረደ። ጥፍሮቹ ቀይ ናቸው፤ ዛሬ ጠዋት አያት ራሳቸው መነጽር አድርገው የቀቧቸው። እጁ በፈሰሰው ቢራ ላይ ጣቶቹን ዘርግቶ ይዳብስ ጀመር።

«በቀኝሽ ነው» አሉ አያት አፋቸውን ክፍተቱ ላይ አድርገው። «በቀኝሽ፣ የኔ ልጅ፣ በቀኝሽ።»

ከበሮው ድምፃቸውን ዋጠው፤ እጁ ቀስ እያለ፣ በጫማዎቹ መካከል፣ ወደ ግራዋ ሄደ።